ጠያቂው ለምን ዝም አለ? ከጎንደር ጉባኤ እስከ እጃችን ላይ ያለው ስልክ

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዘን መጥተናል። ጊዜ ስታገኙ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ከወጣቶች ጋር ስናወራ አንድ ነገር ደጋግሞ ጆሯችን ይገባል። ድሮ በቴሌግራም የጥያቄና መልስ ግሩፕ ውስጥ ነበርን፣ አሁን ግን ወጥተናል ይላሉ። ያልወጡትም ድምፁን ዘግተውታል። ምክንያቱን ስንጠይቅ የሚመጣው መልስ ያው ነው፦ አንድ ጥያቄ ጠዋት ይገባል፣ ማታ ላይ መቶ መልስ ተከምሮበታል፣ ጠያቂው ግን ከጠዋቱ ይበልጥ ግራ ገብቶታል። ከዚያ በኋላ አይጠይቅም። የሚያስፈራን የጭቅጭቁ ብዛት አይደለም። የጠያቂው ዝምታ ነው የሚያስፈራን፤ ምክንያቱም ያልተጠየቀ ጥያቄ አይጠፋም፣ ሰውየው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።

ይህን ስልክ ያመጣው ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን ነገሩ ከስልክ በፊት የነበረ ይመስለናል፤ ለዚህም ሩቅ መሄድ ሳያስፈልግ የራሳችን ከተማ ታሪክ ይበቃል።

ጎንደር የጥያቄና የመልስ ከተማ ነበረች። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከቆረቆሯት በኋላ የተነሱት ነገሥታት ሊቃውንቱን በቤተ መንግሥት እየሰበሰቡ በሃይማኖት ጉዳይ ያከራክሩ ነበር። በአንድ በኩል የደብረ ሊባኖስ፣ በሌላ በኩል የኤዎስጣቴዎስ ቤት መነኮሳት ይቆማሉ፤ ጥያቄ ይቀርባል፣ መጽሐፍ ይጠቀሳል፣ ምላሽ ይሰጣል። የክርክሩ ፍሬ ነገር የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የእምነት ጉዳይ ስለሆነ ወደ ውስጡ አንገባም። እኛን የሚያገባን አካሄዱ ነው። በእነዚያ ጉባኤዎች የተሰበሰቡት ሰዎች እውቀት አላነሳቸውም፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በትምህርት የጨረሱ ነበሩ። ችግሩ ጥያቄው የሚቀርበው ለማወቅ ሳይሆን ለመርታት መሆኑ ነበር። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረውም ንጉሡ ነው። ንጉሥ በተለወጠ ቁጥር የትናንቱ ረቺ የዛሬ ተረቺ ይሆናል። በአፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1716–1721) ነገሩ ከቃል አልፎ፣ ውሳኔውን አንቀበልም ያሉ የደብረ ሊባኖስ ወገን መነኮሳት እዚያው ጎንደር ውስጥ በወታደር እጅ ተገደሉ። ክርክሩ ከዚያም በኋላ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቀጥሏል። ያን ያህል ዘመን ተጠይቆ ያልተዘጋ ጥያቄ ማለት ነው።

የእኛስ አባቶች? እ.ኤ.አ. በ1668 አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በጠሩት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ትእዛዙ ታደሰ። አባቶቻችን ወደ ቀሃ ወንዝ ወርደው ሰፈሩ፤ ሰፈሩም እስላም ቤት ተባለ፣ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ነው። በዚያ ጉባኤ ስለ ሙስሊሞች ተወሰነ እንጂ ሙስሊሞች አልተጠየቁም። ሁለት መቶ ዓመት አልፎ ግንቦት 1870 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ አራተኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ያንኑ የሊቃውንት ክርክር ሊዘጉ ጉባኤ ጠሩ። ለአንደኛው ወገን ተፈረደ፤ ለሌላው የጊዜ ገደብ ተሰጠው። ከዚሁ ጋር ሙስሊሞችም በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዘ። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሸኽ ጦልሃ ኢብን ጀዕፈር ግን እምቢ ብለው ተነሱ። ከጎንደርና ከዙሪያዋ ብዙዎች ወደ መተማ ተሰደዱ። ክርክር በአዋጅ ሲዘጋ ተከራካሪው ብቻ ሳይሆን በክርክሩ ያልነበረውም ይከፍላል።

አሁን ከዚያው ዘመን ሌላ ታሪክ እንጨምር፤ እኛ በጣም የምንወደው ነው። አፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ታመው ነበር። መድኃኒት የሚያውቅ ሰው እንዲፈልግላቸው የላኩት አንድ ሙስሊም ነጋዴ ነበር፣ ሐጂ ዓሊ ይባላል። ሐጂ ዓሊ ካይሮ ድረስ ሄዶ ሻርል ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም አገኘ። ሰኔ 1698 (እ.ኤ.አ.) ከካይሮ ተነስተው፣ በስናር በረሃ አልፈው፣ ሐምሌ 1699 ጎንደር ገቡ። ሐኪሙም ንጉሡን አክሞ አዳነ። አስቡት፤ ለአንድ ጥያቄ መልስ ከአንድ ዓመት በላይ መንገድ ተሄደ! ያውም ተለይተህ ኑር በተባለው ሕዝብ ልጅ እግር። ነገር ግን ንጉሡ ማንን እንደላከ ያውቃል፤ ሐጂ ዓሊ ሕመሙን ያውቃል፤ ሐኪሙም በሽተኛውን ዳስሶ እንጂ ከካይሮ ሆኖ መድኃኒት አልላከም።

ዒልም ፍለጋም እንዲሁ ነበር። ደረሳው ስንቁን ይዞ ወደ ወሎ ይወርዳል፤ ጀማ ንጉሥ ይሁን ዳና፣ ከአንድ ሸኽ እግር ሥር ዓመታት ይቀመጣል። ጥያቄ የሚጠይቀው ኪታቡ ላይ የደረሰበትን ያህል ነው። ሸኹም የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደቀራ፣ ምን እንደማይገባው ያውቃሉ። የሰፈሩ ሰው ሲጠይቅም መልሱ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ሦስት ጥያቄ ይመለስለታል።

ዑለማዎቻችን ይህን አደብ ከየት አመጡት? ከጥንት ነው። ታቢዒዩ ዓብዱረሕማን ኢብን አቢ ለይላ ከአንሷሮች 120 ሶሓባዎችን እንዳገኙና አንዱ ሲጠየቅ ወደ ሌላው፣ ያም ወደ ሌላው እየመራ ጥያቄው ዞሮ መጀመሪያ ወደተጠየቀው እንደሚመለስ አውርተዋል። ኢማሙ ማሊክ 48 ጥያቄ ቀርቦላቸው ለ32ቱ አላውቅም እንዳሉ ይተረካል። ኢማሙ ነወዊይ በአል-መጅሙዕ መግቢያ ላይ ሙፍቲው በንዴት፣ በረሃብ ወይም በእንቅልፍ ስሜት ውስጥ ሆኖ ፈትዋ እንዳይሰጥ፣ ጠያቂውም እገሌ እኮ ሌላ ብሏል እያለ ሙፍቲውን እንዳይጎነትል ይመክራሉ። ማሊኪው ዓሊም አል-ቀራፊይ ደግሞ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሲጠይቅህ በመጀመሪያ የአገሩን ልማድ ጠይቀው ይላሉ። እነዚህ ሰዎች የፈትዋን መድረክ እንዴት ሊበላሽ እንደሚችል ቀድመው ያዩ ናቸው።

አንድ ምሳሌ ወስደን እንየው። ከዳባት ወይም ከደባርቅ የአንድ ገበሬ ልጅ፣ አባቴ ገብስ ወቅቷል፣ ዘካው ስንት ነው ብላ ግሩፕ ላይ ጻፈች እንበል። አንዱ አንድ አሥረኛ ይላል። ሌላው ተነስቶ አይደለም፣ አንድ ሃያኛ ነው ይላል። ሦስተኛው አምስት ወስቅ ካልሞላ ምንም የለበትም ይላል። አራተኛው በትንሹም በብዙውም አለበት ይላል። አምስተኛው ደግሞ ይህ ጥያቄ ባለፈው ሳምንት ተመልሷል፣ ወደ ላይ ፈልጊ ብሎ ይቆጣል። ልጅቷ የምታየው እርስ በርሱ የሚጣላ ዲን ነው።

ግን ተመልከቱ፤ የዘካውን መጠን የተናገሩት አራቱም ከኪስ አላወጡትም። በዝናብ የበቀለ አንድ አሥረኛ፣ በመስኖ ተደክሞበት የበቀለ አንድ ሃያኛ ይወጣበታል። የአምስት ወስቁ ልክ የሻፊዒዮችና የብዙኃኑ ዑለማ ነው፤ በትንሹም አለበት የሚለው የኢማሙ አቡ ሐኒፋ ነው። በእኛ ሰሜን ሁለቱም መዝሀቦች ጎን ለጎን ኖረዋል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከአራቱ አንዳቸውም ገብሱ ውሃ ያገኘው ከሰማይ ነው ወይስ ከቦይ፣ ስንትስ ኩንታል ወጣው ብለው አልጠየቋትም። በእኛ እይታ ሰው ከጥያቄና መልስ መድረክ የሚሸሽበት ትልቁ ምክንያት የተሳሳተ መልስ አይደለም። ለሌላ ሰው የሚሆን ትክክለኛ መልስ ነው።

ይህ የሙስሊሞች ብቻ በሽታ እንዳይመስላችሁ። ከእናንተ መካከል በዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር የምትማሩ ስታክ ኦቨርፍሎውን ታውቁታላችሁ። ጄፍ አትውድና ጆኤል ስፖልስኪ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመሩት የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ መድረክ ነው። ጥሩ መልስ ለሰጠ ነጥብ ይሰጣል፣ ነጥብ የሰበሰበ ሥልጣን ያገኛል፣ ሥልጣን ያገኘ ደግሞ የሌላውን ጥያቄ መዝጋት ይችላል። መጀመሪያ ላይ ግሩም ነበር፤ ዛሬ የምንጠቀምባቸውን ብዙ መተግበሪያዎች የሠሩ ሰዎች ከዚያ ተምረዋል። ግን እዚያም መልስ ሰጪው አንድ ዓይነት ጥያቄ ሺህ ጊዜ አይቶ ይሰለቻል፣ ጠያቂው ግን ገና መጀመሪያው ነው። አንዱ በስልቸት ይመልሳል፣ ሌላው በኀፍረት ይወጣል። ድርጅቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 መድረኩ ለአዲስ ሰው፣ በተለይም ለሴቶችና ለተገለሉ ሰዎች፣ እንደማይመች በግልጽ ጽፎ አምኗል። ያሁ አንሰርስ የሚባለው ደግሞ ነጥቡን ለማንም ይሰጥ ስለነበር ቀልደኛውና አዋቂው ተቀላቅለው፣ ከ2005 ጀምሮ ቆይቶ በ2021 ተዘጋ። አንዱ በጥብቅነቱ ሰው አራቀ፣ ሌላው በልቅነቱ።

የጎንደሩን ጉባኤና ይህን ጎን ለጎን ስታስቀምጡት የሚገርም መመሳሰል አለው። እዚያ ረቺውን ንጉሥ ይሾማል፣ እዚህ ላይክ ይሾማል። በሁለቱም ቦታ ጠያቂው ተረስቶ መልስ ሰጪዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። በእኛ ግሩፖችም ብዙ ጊዜ ጥያቄ የሚጠየቀው የአንዱን ኡስታዝ ተከታይ ከሌላው ለማጋጨት ነው፤ ጥያቄ ሳይሆን ወጥመድ ነው። ይህን ሁላችሁም አይታችኋል።

ከኅዳር 2022 (እ.ኤ.አ.) በኋላ፣ ቻትጂፒቲ ሲመጣ፣ በስታክ ኦቨርፍሎው የሚጠየቁ አዳዲስ ጥያቄዎች በኃይል ቀነሱ። ሰዎች ወደ ማሽኑ ሄዱ፤ ማሽኑ አይቆጣም፣ ወደ ላይ ፈልጊ አይልም፣ እኩለ ሌሊትም ይመልሳል። የእኛም ወጣቶች የዲን ጥያቄያቸውን ሳይቀር ይዘው ወደዚያው እየሄዱ ነው፤ አንወቅሳቸውም፣ ከየት ሸሽተው እንደሄዱ አይተናልና። ማሽኑ ግን ኢማሙ ማሊክ 32 ጊዜ ያሉትን ቃል ማለት ይከብደዋል። የዳባቷ ልጅ ስለ ገብሱ ብትጠይቀውም አንድ አሥረኛውንም፣ አንድ ሃያኛውንም፣ አምስት ወስቁንም አሰልፎ ያቀርብላታል፤ የአባቷ ማሳ ቦይ ይኑረው አይኑረው ግን አሁንም የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።