ዕዳ፣ አደራና ቂም፤ ሳይሰነባበቱ ስለ ተለያዩ ጎረቤቶች

ከፎገራ ሜዳ አጠገብ በደራ፣ በአንበሳሜ ከተማ፣ አንድ የልጅነት ባልንጀራዬ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ባሕር ማዶ ሊሄድ በተነሣ ጊዜ ለስንብት በተፈላው ቡና ዙሪያ ተሰብስበን ነበር። ዳቦው ተቆርሶ፣ ቆሎው ታድሎ ምርቃት ሊጀመር ሲል አንድ በዕድሜ የገፉ ጎረቤቱ እጃቸውን አንሥተው ጉባኤውን ጸጥ አሰኙና ሦስት ጥያቄ አቀረቡለት። «ልጄ፣ የሰው ዕዳ አለብህን? በእጅህ የቀረ አደራ አለን? የተቀያየምኸው ሰው አለን?» ለሦስተኛው ጥያቄ ባልንጀራዬ አንገቱን ደፋ። ከጥግ የተቀመጠ አንድ ጎረቤቱም ተነሥቶ መጣ፤ በአጥር ድንበር ምክንያት ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ ኖረዋል። ተቃቅፈው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሽማግሌው ግን አላበቁም። ወደ እኛ ዞረው ያንኑ ጥያቄ ደገሙት፤ «እናንተሳ? የእርሱ ዕዳ፣ የእርሱ አደራ፣ የእርሱ ቂም በእናንተ ዘንድ የለምን?» ምርቃቱ የወረደው ከዚህ በኋላ ነው።

እንግዲህ ስንብት በባህላችን የእንባና የመሳሳም ሥርዓት ብቻ አይደለም፤ ሒሳብ የሚተሳሰብበት ሸንጎ ነው። ቋንቋችንም ይህን ይመሰክራል። ተጓዡ ቀሪውን «ደኅና ሰንብት» ይለዋል፤ ቀሪውም «በሰላም ግባ» ብሎ ይመልስለታል። «ሰነበተ» የሚለው ግሥ ከ«ሰንበት» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ስለዚህ የስንብት ቃል የሚሄደውን ብቻ ሳይሆን የሚቀረውንም ይመለከታል፤ ቀሪው ከሰንበት እስከ ሰንበት በሰላም ይኖር ዘንድ ተጓዡ የሚተውለት ቃል ነው። ይህ ቃል ሳይነገር የቀረ እንደ ሆነ ጉዳቱ የሁለቱም ወገን ነው።

ያን ዕለት ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ድረስ ሐሳቤ በወረታ በኩል ወደ ሚያልፈው አውራ መንገድ ሄዶ ነበር። ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ መንገደኛ አዲስ ዘመንን ካለፈ በኋላ ርብን ተሻግሮ ወደ ወረታ ይገባል፤ ከዚያም ጉማራን አልፎ ወደ ባሕር ዳር ያቀናል። በ1982 ዓ.ም. ማገባደጃ ላይ በዚህ መንገድ፣ በፎገራ ሜዳ ላይ፣ አያሌ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች በአውቶቡስና በጭነት መኪና ተጭነው አልፈዋል። ሽማግሌ፣ አራስና ሕፃን ያሉበት ሕዝብ ለዘመናት የኖረበትን አገር ለቆ ሲሄድ ሦስቱን ጥያቄዎች የጠየቀው ማን ነበር? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን መመርመር ነው።

ቤተ እስራኤል በደምቢያ፣ በወገራ፣ በበለሳ፣ በሰሜን፣ በቋራና በሌሎችም ቦታዎች ከክርስቲያኑ ገበሬ ጋር ጎረቤት ሆነው ኖረዋል። ጎረቤቶቻቸው «ፈላሻ» ይሏቸው ነበር። ቃሉ የወጣው «ፈለሰ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው፤ ትርጉሙም ስደተኛ፣ አገር የለሽ ማለት ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ሰው ርስት እንዳይወርስ ማዘዛቸውን ትውፊት ይናገራል። ይህም ማለት ሰዎቹ ከመሄዳቸው ከ500 ዓመት በፊት ጎረቤቶቻቸው በስም አሰናብተዋቸው ነበር ማለት ነው።

በፊውዳሉ ሥርዓት ርስት የተነፈገው ይህ ሕዝብ አንድም በሰው መሬት ጭሰኛ፣ አንድም የእጅ ባለሙያ ሆኖ ኖረ። ወንዱ ብረት ቀጥቅጦ ማረሻና ማጭድ ያወጣል፤ ሸማ ይሠራል፤ በጎንደር ነገሥታት ዘመንም በግንበኝነትና በአናጢነት ሠርቷል። ሴቲቱ ጭቃ አድቅቃ እንስራ፣ ጋን፣ ምጣድና ጀበና ትሠራለች። ገበሬው ያለ እነርሱ ማረሻ መሬቱን አያርስም፤ እነርሱም ያለ ገበሬው እህል አይኖሩም። እንዲህ በኑሮ የተሳሰሩ ሰዎች በገበታ ግን አይገናኙም ነበር። ቤተ እስራኤል «አትንኩኝ» በሚባለው የንጽሕና ሥርዓታቸው ከሌላው ሕዝብ ንክኪ ይጠበቁ ነበርና፣ ከነካቸውም በወንዝ ውኃ ይታጠቡ ነበር። ክርስቲያኑ በበኩሉ ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ ይሸሸው፣ ልጁ በታመመ ጊዜም በእርሱ ያመካኝበት ነበር። ማረሻውን ከእጁ እየተቀበለ ያንኑ እጅ መፍራቱ የዚያ ሥርዓት አስገራሚ ቅራኔ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ለቤተ እስራኤልም የሚያርሱትን መሬት የመያዝ መብት ሰጣቸው። ለዘመናት «ፈላሻ» ሲባል የኖረ ሰው በሕግ ባለ መሬት ሆነ። ይሁን እንጂ የወረቀት መብት የሰውን ልብ ወዲያውኑ አይለውጥምና፣ መሬቱን ማጣት ያልወደደው ወገን ጥላቻውን በእነርሱ ላይ አጠነከረ። በዚያው ወቅትም የእስራኤል መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ቤተ እስራኤል ወደዚያች አገር የመግባት መብት እንዳላቸው በሕጉ ተቀበለ። መሬት የተሰጠበትና የመሄጃው በር የተከፈተበት ዘመን አንድ ሆነ።

የመሄዱ ምኞት ግን በዚህ ዘመን የተወለደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1862፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ አባ ማኅሪ የተባሉ መነኩሴ ብዙ ቤተሰቦችን አስከትለው፣ እንደ ሙሴ ባሕር ይከፈትልናል ብለው፣ ወደ ቀይ ባሕር ተነሥተው ነበር። ጉዟቸው ከትግራይ አላለፈም፤ ብዙዎች በረኃብና በበሽታ አለቁ፤ ከተረፉትም ብዙዎቹ ተመለሱ። ኢየሩሳሌምን የማየት ናፍቆት ግን ከዚያም በኋላ አልሞተም። በየዓመቱ በኅዳር ወር ካህናቱ ኦሪትን ተሸክመው ወደ ተራራ በሚወጡበት በስግድ በዓል ይህ ናፍቆት በጸሎት ይታደስ ነበር።

በ1970ዎቹ ጉዞው እንደገና ሲጀመር አቅጣጫው ወደ ሱዳን ሆነ። ከአገር መውጣት ተከልክሎ ነበርና ስንብት አደገኛ ነገር ሆነ። ከብቱን በድንገት የሸጠ ሰው ይጠረጠራል፤ ስንቅ ሲያዘጋጅ የታየ ይጠየቃል። ስለዚህ ቤተሰቡ ቀን ሲሠራ ውሎ በሌሊት ይነሣል፤ ጎረቤትም ሲነጋ ያለ ጭስ የቀረ ጎጆ ያገኛል። ተጓዦቹ በጫካና በበረሃ አልፈው በገዳሪፍ አካባቢ፣ በኡም ራኩባና በሌሎች የስደተኛ ጣቢያዎች ሰፈሩ። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. ድረስ «የሙሴ ዘመቻ» በተባለው ምስጢራዊ ጉዞ 8,000 ያህል ሰዎች ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በጣቢያዎቹ በረኃብና በበሽታ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል፤ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራም መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እነዚህ ሰዎች ጎረቤቶቻቸውን አልተሰናበቱም፤ ብዙዎቹም በየመንገዱ የቀበሯቸውን ወላጆችና ልጆች እንኳ በቅጡ አልቅሰው አልተሰናበቱም።

በ1982 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እስራኤል ግንኙነታቸውን ካደሱ በኋላ መንገዱ በአዲስ አበባ በኩል ሆነ። ያን ጊዜ ነው በፎገራ ሜዳ ያለፉት። ይህኛው ጉዞ በቀን፣ በግልጽ ነበር፤ ቢሆንም ጥድፊያ ነበር። መንደርተኛው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲነሣ ሸኚና ተሸኚ ለመተሳሰብ ፋታ አላገኙም። ቤተሰቦቹ በአዲስ አበባ በኪራይ ቤቶች ተጠግተው አንድ ዓመት ገደማ ጠበቁ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር በወጡ በሦስተኛው ቀን በተጀመረው «የሰሎሞን ዘመቻ»፣ በ36 ሰዓት ያህል ውስጥ 14,325 ሰዎች ከቦሌ ተሳፍረው ሄዱ። ከአውሮፕላኖቹ አንዱ ከ1,080 የሚበልጡ ሰዎችን ጭኖ ነበር። ቤተሰብ ከቤተሰብ እንዳይለያይ በየግንባራቸው ቁጥር ተለጥፎ ነበር፤ ዕቃቸውም ከለበሱት ልብስ ብዙም አይበልጥም ነበር።

በዓለም ታሪክ ብዙ ሕዝብ አገሩን ለቋል። በአይርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1845 ወዲህ በረኃብ ምክንያት አያሌ ሰዎች ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ፣ ጎረቤቶቻቸው ሌሊቱን ሙሉ በሙዚቃና በሙሾ ያመሹላቸው ነበር። ይህንንም «የአሜሪካ ለቅሶ» ይሉት ነበር፤ የሚሄደው አይመለስምና በቁሙ ያለቅሱለታል። ያ መራራ ቢሆንም ስንብት ነው። የእኛ ጎረቤቶች ግን በ1977 ዓ.ም. እርሱን እንኳ አላገኙም።

አሁን ወደ ሽማግሌው ሦስት ጥያቄዎች ልመለስ። ዕዳን በተመለከተ፣ ብረት ቀጥቃጩ የማረሻውን ዋጋ በመኸር በእህል የሚቀበልበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ መኸር ሳይደርስ በሌሊት የሄደው ሰው ድካሙን በገበሬው ማሳ ላይ ትቶ ሄዷል። አደራን በተመለከተ፣ የመቃብር ቦታዎቻቸውና የጸሎት ቤቶቻቸው በእኛ እጅ ቀርተዋል። ከጎንደር ከተማ አጠገብ በምትገኘው በወለቃ የጸሎት ቤታቸው ይታያል፤ የሸክላ ሥራውንም የቀሩት ሴቶች ይዘውት ቀጥለዋል። ትናንት የተናቀው ሙያ ዛሬ ለሌላው እንጀራ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። በአንበሳሜው ቡና ላይ ይቅርታ የሚጠይቀው የሚሄደው ብቻ እንዳልሆነ አይተናል። በዚህ ታሪክ ደግሞ ከሚሄዱት ይልቅ ይቅርታ መጠየቅ የሚገባቸው የቀሩት ናቸው። «ቡዳ» ያልነው እኛ ነን፤ «ፈላሻ» ያልነው እኛ ነን፤ ርስት የከለከለው ሥርዓትም በእኛ አባቶች ጫንቃ ላይ የቆመ ነበር። ጎረቤት በሌሊት የሚሄደው ዘበኛን በመፍራት ብቻ አይደለም፤ ምስጢሩን ቢነግረው ጎረቤቱ አሳልፎ እንዳይሰጠው በመስጋትም ነው። ምስጢሩን ጠብቀው፣ ስንቅ አስይዘው፣ መንገድ ያሳዩ መልካም ጎረቤቶች አልነበሩም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የእነርሱን ደግነት በታሪክ የምንመዘግበው የሌሎችን በደል ከሸሸግን አይደለም።

ስለዚህ መምህራን፣ ካድሬዎችና የኪነት ባለሙያዎች ሁሉ አንድ ሥራ ይጠብቀናል። የሄዱት ትዝታቸውን በእስራኤል እየጻፉና እየተናገሩ ናቸው፤ የስግድ በዓላቸውም እ.ኤ.አ. በ2008 በዚያች አገር በሕግ ታውቋል። የቀሩት ጎረቤቶች ትዝታ ግን ገና ከአንደበት አልወጣም። ጭስ የሌለውን ጎጆ በማለዳ ያዩ፣ ማረሻቸውን የሚስልላቸው አጥተው የተቸገሩ፣ የተሳደቡና የተጸጸቱ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል። ተማሪዎቻችን እነርሱን ይጠይቁ፤ ተውኔታችንም የሚሄደውን ብቻ ሳይሆን ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚቀረውንም ወደ መድረክ ያውጣ።

ባልንጀራዬ በማግሥቱ ማለዳ ልጆቹን ይዞ ከአንበሳሜ ወጣ። የተጣላው ጎረቤቱ ሻንጣውን ተሸክሞ እስከ መኪናው ሸኘው፤ ስለ አጥሩም ድንበር ሁለተኛ አልተነጋገሩም።