ሁልጊዜ ታኅሣሥ 23

ያረጀ ሰው ያለፈውን ማንሳት ይወዳል ይባላል። የእኔ ላፕቶፕ ግን ያለፈውን በማንሳት ብቻ አልተወሰነም። ማታ አጥፍቼው ጠዋት ስከፍተው ታኅሣሥ 23 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 በሚሉት ዕለት ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። አስተካክለዋለሁ፤ በማግስቱ ያው ነው።

ለወራት ሳቅሁበት። ሳቄን ያስቆመኝ የአክስቴ ጉዳይ ነው። በልጅነታቸው ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የመጡበትን ታሪክ አጫውተውኝ ጻፍኩትና አነበብኩላቸው። «ኧረ ልጄ፣ መኪናው ሸኖ ላይ ተበላሽቶ ከዚያ ወዲህ በእግራችን ነው የመጣነው» ብለው ብዙ አረሙኝ። የታረመውን ያስቀመጥኩት ሰዓቱን ማስተካከል በረሳሁበት ጠዋት ነበር። በኋላ የመጀመሪያውን ረቂቅ ከፍላሽ ወደ ላፕቶፑ ስገለብጥ፣ ማሽኑ ሁለቱን ቀኖች አሳይቶ የትኛውን ላስቀር አለኝ። ቀኑን አምኜ «አዲሱን» አስቀረሁ። የታረመው ጠፋ።

እንግዲህ የዚህን ሰዓት ታሪክ የፈለግሁት ተናድጄ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1981 ለገበያ የቀረበው የአይ.ቢ.ኤም. ፒሲ፣ ሲጠፋ የሚቀጥል ሰዓት አልነበረውም። በተከፈተ ቁጥር ቀኑን ከባለቤቱ ይጠይቃል። መልስ ሳይሰጥ ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ላይ ራሱን ያገኘዋል፤ ዶስ ዓመት መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ ነበርና። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1984 ፒሲ/ኤቲ ከተባለው ማሽን ጋር መጣ። ኤምሲ146818 የተባለ የሞቶሮላ ቺፕ ከነባትሪው ተገጠመለት። ኮምፒዩተሩ ሲተኛ እሱ አይተኛም። እንዲህ ያለውን ሰዓት የሚመራው በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ የኳርትዝ ክሪስታል ነው። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፤ 15 ጊዜ ለሁለት ሲከፈል አንድ ይሆናል፣ አንድ ሰከንድ ማለት ነው።

ይህ ቺፕ ግን ዓመቱን በሁለት አሃዝ ብቻ ነበር የሚይዘው። ቁጠባው ያስከተለውን ጣጣ ዓለም እ.ኤ.አ. በ2000 ዋዜማ አየው። አንዳንድ አሮጌ ማሽኖች በዚያ ጃንዋሪ ወደ 1980 ተመለሱ። እኛማ የራሳችንን 2000 የተቀበልነው ከሰባት ዓመት በኋላ በሴፕቴምበር 2007 ነው፤ ማሽኖቻችን ግን በፈረንጅ ስለሚቆጥሩ ከጭንቀቱ አላመለጥንም።

ወደ በሽታው ልመለስ። ሰዓቱ የተሳሳተው በሦስት ሰዓት ብቻ ከሆነ ባትሪውን አትንኩ። ዊንዶውስና ሊኑክስ በአንድ ማሽን ላይ ሲኖሩ፣ አንደኛው የቺፑን ሰዓት የአገር ቤት፣ ሌላው የግሪንዊች አድርጎ ያነበዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ቀኑ በዓመታት ወደኋላ ከሄደ፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት ባዮስ የሚባለውን ገጽ ከፍቶ ማየት ነው። እዚያም ከተሳሳተ ጥፋቱ በአብዛኛው የባትሪው ነው። የትኛው ቀን ላይ እንደሚወድቅ የሚወስነው አምራቹ ነው፤ የእኔው 2009ን መርጧል።

ጠጋኙ ልጅ ኃይሉን ነቅሎ ትልቁን ባትሪ ካወጣ በኋላ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለች ባለ ሁለት ሽቦ ትንሽ ባትሪ አሳየኝ። ሲአር2032 ትባላለች፤ ስሟ ልኳ ነው፣ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ውፍረት። 3 ቮልት መስጠት ሲገባት አንድ እንኳ አልሞላችም። በአዲስ ተካት። አንዳንድ ድረ ገጾች «የምስክር ወረቀቱ ጊዜ ልክ አይደለም» እያሉ ይመልሱኝ የነበረውም በዚያው ቀረ።

ሰዓቱ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። የጠፋውን እርማት እንደገና ልጽፍ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ሸኖው ብልሽት ስጠይቃቸው፣ «የምን ብልሽት?» አሉኝ። «መኪናውማ እስከ አዲስ አበባ አድርሶናል። ማን ነገረህ?»