ጊፋታን የሚያመጣው ማን ነው? ጨረቃ ወይስ ቀመር?

የራሱን የዘመን አቆጣጠር መፍጠር ለሚፈልግ ሰው ወረቀት፣ እርሳስና ትንሽ ሒሳብ ይበቃዋል። ዓመቱ 365 ቀን ከሩብ ገደማ ነው። በፈለገው መንገድ ከፋፍሎ ለወራቱ ስም ማውጣት የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነው። ጭንቁ የሚመጣው ሁለተኛ ሰው እንዲቀበለው ማድረግ ላይ ነው።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮምት በ1849 እ.ኤ.አ. እያንዳንዳቸው 28 ቀን ያላቸው 13 ወራት ያሉት አቆጣጠር አውጥቶ ነበር። እንግሊዛዊው ሞዘስ ኮትስዎርዝም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ መጣ። አሥራ ሦስት ወር ለኢትዮጵያዊ ብርቅ አይደለም፤ ለአውሮፓ ግን እንግዳ ነበር። የኮትስዎርዝን ሐሳብ የፎቶግራፍ ኩባንያው ኮዳክ ከ1928 እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ለውስጥ ሥራው ተጠቀመበት። ሠራተኛው ግን ከቢሮ ሲወጣ የሚመለሰው ጎረቤቱ ወደሚቆጥረው ቀን ነበር።

መንግሥት ሲሞክረውም ቀላል አልሆነም። የፈረንሳይ አብዮተኞች በ1793 እ.ኤ.አ. 12 ባለ ሠላሳ ቀን ወራትንና እንደ እኛ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ትርፍ ቀናትን አወጁ። ሳምንቱንም አሥር ቀን አደረጉት። ናፖሊዮን ከጥር 1806 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሻረው። ገበያውም ጸሎቱም በሰባት ቀን የሚሄድ ሕዝብ አሥረኛውን ቀን መጠበቅ አልቻለበትም።

የእኛው ባሕረ ሐሳብ ግን ጸንቶ ኖረ። ትውፊቱ ቀመሩን ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ ይሰጣል፤ ከሹመቱ በፊት ተራ ገበሬ እንደነበረም ይተርካል። ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ እስከ ዛሬ የሚሠሩት ጾሙና በዓሉ በእነሱ ስለሚወጣ ነው። አቆጣጠርን የሚያኖረው የሰው ኑሮ ነው።

ወደ ወላይታ እንምጣ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ስሙ በኩር፣ መጀመሪያ ተብሎ ይተረጎማል። ሴቶች ቅቤ፣ ወንዶች የበሬ መግዣ ገንዘብ ከወራት በፊት ጀምረው ያጠራቅማሉ። ቀኑን የሚለዩት ጨረቃን የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች መሆናቸው ይነገራል። የጨረቃዋ ደረጃዎች በወላይትኛ የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ጡማ ጨለማውን፣ ፖኡዋ ብርሃኑን ያመለክታል።

በሌላ በኩል ዛሬ በስፋት የሚነገረው ሕግ ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሁድ ይውላል የሚል ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስላት ያስፈልጋል። ከ14 እስከ 20 ሰባት ቀን ነው፤ በሰባት ቀን ውስጥ ደግሞ አንድ እሁድ ብቻ አለ። መስከረም 1 ረቡዕ ከዋለ እሁዶቹ 5፣ 12 እና 19 ናቸው፤ ጊፋታ 19 ነው። ሰማይ ማየት ሳያስፈልግ አለቀ ማለት ነው።

ጨረቃ ደግሞ በሰባት ቀን አጥር ውስጥ አትገባም። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ገደማ ናቸው፤ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያንሳሉ። ስለዚህ በአንድ የጨረቃ ደረጃ ላይ የተመሠረተ በዓል በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ተጨማሪ ወር ቢገባለት እንኳ ወር ያህል ይዋልላል። ሁለቱ ሕጎች አንድ ላይ ሙሉ በሙሉ ሊሠሩ አይችሉም።

ሌላም ነገር አለ። የ14 እና የ20 እኩሌታ 17 ነው፤ መስቀል። ሕጉ በሌላ አነጋገር "ለመስቀል የቀረበው እሁድ" ማለት ነው። ወላይታ ካዎ ጦና ተሸንፈው በ1887 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባች ወዲህ የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት አቆጣጠር አብሮ ገብቷል። ቀመሩ መቼ እንደተቀረጸ ባይነግረንም፣ የሁለት አቆጣጠሮች መገናኛ ላይ የቆመ መሆኑን ያሳያል።

ይህ ሽማግሌዎቹን ማሳነስ አይደለም። ቀመሩም ጥቅም አለው። አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ የሚሠራ የወላይታ ልጅ ፈቃድ ለመጠየቅና የአውቶቡስ ትኬት ለመቁረጥ ቀኑን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አደጋው ቀመሩ ስለሚበቃ ብቻ ሽማግሌውን የሚጠይቅ ሰው ሲጠፋ ነው። ያኔ የጨረቃ ቆጠራው ለመድረክ ንግግር ማድመቂያ ሆኖ ይቀራል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደብተር ይዘው በየወረዳው ካሉ ቆጣሪዎች ጋር ጥቂት ዓመታት ጨረቃዋን ቢከታተሉ፣ የትኛው ደረጃ ምን ያህል ቀን እንደሚይዝና ወር መቼ እንደሚጨመር ቢጽፉ፣ እውቀቱ ከአፍ ወደ ወረቀት ይሻገራል። በዓሉን በስልክ ላይ ካለ ቀን መቁጠሪያ ማግኘት ይቻላል። ሽማግሌው ሰማዩን አይተው ምን እንደሚሉ ግን የሚታወቀው እሳቸው በሕይወት ሳሉ ሲጠየቁ ብቻ ነው።