ጥሪት የማያኖሩት ደጋግ ሰዎች

ባለጸጋ ሰው ለነዳያን መርጃ የሚሆን ድርጅት ሲያቆም አስቀድሞ የሚጨነቀው ለመሠረተ ሀብቱ ነው፤ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ፣ ከዓመት ዓመት ከሚያስገኘው ትርፍ እየተቆነጠረ ምጽዋቱ እንዲቀጥል ይሻልና። አሜሪካዊው ካቶሊክ ጆን ራስኮብ ከባለቤቱ ጋር እ.ኤ.አ. በ1945 ያቋቋመው ድርጅትም የቆመው በዚሁ ሥርዓት ነው። ከዚያ አምስት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ግን፣ በ1442፣ በፍሎረንስ ከተማ የሳን ማርኮ ገዳም አለቃ የነበረው የዶሚኒካን መነኩሴ አንቶኒኖ ከዜጎች መካከል ዐሥራ ሁለት ሰዎች መርጦ “የቅዱስ ማርቲኖስ ደጋግ ሰዎች” የተባለውን ማኅበር ሲመሠርት ያዘዛቸው የዚህን ተቃራኒ ነበር፤ የተቀበሉትን ሁሉ እንዲሰጡ፣ ርስትም ሆነ ጥሪት እንዳያኖሩ፣ ቤትና መሬት የሚናዘዝላቸው ቢኖር ሸጠው ዋጋውን እንዲያከፋፍሉ።

ማኅበሩ የታሰበው በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጁን ለሚዘረጋ ለማኝ ሳይሆን፣ ትናንት ቤት ንብረት ኖሮት ዛሬ ላጣ፣ ይሉኝታም ይዞት መለመን ላልቻለ ጨዋ ሰው ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ከማዕርጋቸው የወደቁ መኳንንት ይመስሉታል፤ የማኅበሩ መዝገብ ሲገለጥ ግን በብዛት የሚገኙት ሥራ ሲቀዘቅዝ የዕለት እንጀራ የሚያጡ፣ ልጅ የበዛባቸው የሱፍና የሐር ሠራተኞች ናቸው። ለእኔ የማኅበሩ ትልቁ ማስተዋል ይህ ነው፤ ኀፍረትን የመኳንንት ብቻ ሀብት አድርጎ አለመቍጠሩ።

የሥራቸው ጠባይ፣ የሠዓሊው የጊርላንዳዮ ደቀ መዛሙርት እንደ ሣሉት በሚነገረው በጸሎት ቤታቸው የግድግዳ ሥዕል ላይ በግልጽ ይታያል። በአንዱ ሥዕል ደጋጎቹ ሰዎች አራስ ሊጠይቁ ገብተው ለሕፃኑ መጠቅለያ ጨርቅ፣ ለእናቲቱም ዶሮና ወይን ያቀርባሉ፤ በሌላው ደግሞ ዕዳ መክፈል ተስኖት የታሰረውን ሰው ለማስፈታት ለወህኒው ጠባቂ ገንዘብ ይቈጥራሉ። ሙዳየ ምጽዋታቸው ባዶ የሆነ እንደ ሆነ በደጃቸው ሻማ ያበሩ ነበር፤ ይህንም ያየ የከተማው ሰው የአቅሙን ይጥል ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ የሚያሳውቅ ሒሳብ ሹም አይገኝም።

ከለጋሾቹ ሁሉ እጁ የሰፋው የከተማዋ ባለሥልጣን ኮሲሞ ዴ ሜዲቺ ነበር። ይሁን እንጂ ባላጋራዎቹን በ1434 ያሰደደና ተቀናቃኞቹንም በከባድ ግብር ያደኸየ ይኸው ኮሲሞ ነውና፣ አንዱ እጁ ያወደቀውን ሌላው እጁ ያነሣ ነበር ቢባል ሐሜት አይሆንም። አንቶኒኖም ይህን ሳያውቅ የቀረ አይመስለኝም፤ ማኅበሩ ጥሪት እንዳያኖር የከለከለው፣ የተከማቸ ሀብት የገዥዎችን ዓይን እንደሚስብ አስቦ ይሆናል። በ1446 የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ ከሆነ በኋላም የኮሲሞ ወገን የምክር ቤቱን ምስጢራዊ ድምፅ አሰጣጥ ሊሽር በተነሣ ጊዜ፣ በ1458፣ የተማለውን መሐላ የሚያፈርስ ሁሉ እንደሚወገዝ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ጽፎ በካቴድራሉ በር ላይ ለጠፈ።