ጋዜጣ ያልደረሰበት ሽንፈት

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮችም 137ቱን አሸነፈ። ኢሕአዴግ ለደረሰበት ሽንፈት የግሉን ፕሬስ ወቀሰ፤ በ1998 ዓ.ም. ጋዜጠኞች ታሰሩ፣ ጋዜጦችም ተዘጉ።

እኔ በዚያን ጊዜ ዳሪሙ ነበርኩ። ድምፄን የሰጠሁት ለኦሕዴድ ነው፤ ነገር በዝግታ ይለወጥ ከሚሉት ወገን ነኝና። ከመቱ ወዲያ የግል ጋዜጣ ማየት ብርቅ ነበር። የፓርቲዎቹን ክርክር ቡና እየጠጣን ያዳመጥነው በሬዲዮ ነው፤ ያውም በመንግሥት ሬዲዮ! ሹማምንቱ መልስ ሲያጥራቸው አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌዎች በዝምታ ይተያዩ ነበር። ታዲያ ውድ አንባቢ፣ እነዚያን ሽማግሌዎች ያሸፈተው የትኛው ጋዜጣ ነው? በእኔ እምነት፣ እኛን ደጋፊዎቹን ያሳፈረን ፓርቲው ራሱ በከፈተው መድረክ የሰጠው መልስ ነበር። ይህን ግን በወቅቱ ደፍሮ የነገረው ደጋፊ አላየሁም፤ እኔም አልተናገርኩም።