ግድያ በሰምና ወርቅ፦ የእንግሊዝ የምርመራ ልብ ወለድ ለምን ያስቃል?

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ስለ ሞት የሚጻፍ ድርሰት ነው። ሆኖም በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከልና ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ አገር ከተጻፉት የዚህ ዘርፍ ሥራዎች ብዙዎቹ የሚያስቁ ናቸው። ይህን ሳቅ እንደ ማጣፈጫ ቅመም የሚቆጥሩት አሉ፤ ዋናው ምግብ ግድያው ነው ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ሌላ ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ቀልዱም የወንጀሉ ፍንጭም የሚሠሩት ከአንድ ነገር ነው፤ እርሱም ሁለት ፍቺ ያዘለ ቃል ነው። የቅኔ መምህራን ኅብር የሚሉት ዓይነት መሆኑ ነው።

ታሪኩን ከ1913 መጀመር ይቻላል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ኢ. ሲ. ቤንትሊ የተባለ ጋዜጠኛ «ትሬንትስ ላስት ኬስ» (የትሬንት የመጨረሻ ጉዳይ) የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። ቤንትሊ ገና ተማሪ ሳለ በታዋቂ ሰዎች ሕይወት ላይ የሚያሾፍ ባለ አራት ስንኝ የግጥም ዓይነት የፈጠረ ሰው ነው፤ ግጥሙም በመካከለኛ ስሙ «ክለሪህዩ» ተብሎ ይጠራል። ልብ ወለዱም ቢሆን ሹፈት ነበር። ትሬንት የተባለው መርማሪ ማስረጃውን ሁሉ በጥንቃቄ ሰብስቦ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል። የማይሳሳተውን መርማሪ ለማላገጥ የተጻፈው መጽሐፍ ለተከታዮቹ ደራስያን አርአያ ሆነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ደግሞ የሊቨርፑል ተወላጁ አርተር ዊን በአንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ የመጀመሪያውን መስቀለኛ ቃላት አወጣ።

ይህ እንቆቅልሽ በ1920ዎቹ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር ባሕርዩን ለወጠ። በአሜሪካ ተመሳሳይ ቃል ይጠይቅ የነበረው፣ በእንግሊዝ የሚያሳስት ዐረፍተ ነገር ሆነ። ለዚህ ለውጥ ትልቁን ድርሻ ያበረከተው ኤድዋርድ ፓውይስ ማዘርስ ነው። ከ1926 ጀምሮ በ1939 እስኪሞት ድረስ «ቶርኬማዳ» በሚል የስፔናዊ መርማሪ ካህን ስም ለ«ኦብዘርቨር» ጋዜጣ እንቆቅልሽ አዘጋጅቷል። በዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የዐረፍተ ነገሩ ገጽ አንድ ነገር ሲናገር መልሱ በሌላ ፍቺ ውስጥ ይደበቃል። ሰምና ወርቅን ለሚያውቅ አንባቢ ዘዴው እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ግን አለ፦ በቅኔ ወርቁ መልእክት ነው፤ በእንግሊዙ ጨዋታ ግን ወርቁ መልስ ነው። መልስ ደግሞ ልክ ነው ወይም ስሕተት ነው ይባልበታል።

ቶርኬማዳ ለዚያው ጋዜጣ የምርመራ ልብ ወለዶችንም ይገመግም ነበር። በ1934 ሁለቱን ሙያዎቹን አዋሕዶ «ኬንስ ጆውቦን» (የቃየን መንጋጋ) የተባለውን ሥራ አወጣ። መጽሐፉ 100 ገጽ ሲሆን፣ ገጾቹ ሆን ተብሎ ቅደም ተከተላቸው ተዛብቶ ታትመዋል። አንባቢው በቃላቱ ፍንጭ ብቻ ገጾቹን መልሶ እየደረደረ የስድስት ሟቾችንና የገዳዮቻቸውን ማንነት ማወቅ ይጠበቅበታል።

ሁለቱ ጨዋታዎች እንዲህ የተቀራረቡበት ምክንያት በዘመኑ ሕግ ውስጥ ይገኛል። በ1929 ሮናልድ ኖክስ የተባሉ የካቶሊክ ቄስ፣ ራሳቸውም የምርመራ ልብ ወለድ ደራሲ ነበሩ፣ ግማሽ በቀልድ ግማሽ በቁም ነገር አሥር ትእዛዛትን ጻፉ። ከእነዚህ አንዱ መርማሪው ያገኘው ፍንጭ ሁሉ ወዲያውኑ ለአንባቢ ይቅረብ የሚል ነው። በ1930 የተመሠረተውና ጂ. ኬ. ቼስተርተን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ የሆነለት «ዲቴክሽን ክለብ» ደግሞ አባላቱን በተመሳሳይ መንፈስ ያስምል ነበር። እንግዲህ ደራሲው ፍንጩን ሁሉ የማሳየት ግዴታ ካለበት የት ይሸሽገዋል? የቀረለት መደበቂያ ቋንቋው ነው። ከቋንቋም ምርጡ መሸሸጊያ ቀልድ ነው፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሳቀ አንባቢ ዐረፍተ ነገሩ ሥራውን ጨርሷል ብሎ ያልፈዋልና።

ይህን ዘዴ ከፍ ካለ የፈንጠዝያ ደረጃ ያደረሰው ኤድመንድ ክሪስፒን ነው። እውነተኛ ስሙ ብሩስ ሞንትጎመሪ ሲሆን፣ «ኬሪ ኦን» ለተባሉት የእንግሊዝ አስቂኝ ፊልሞች ሙዚቃ የደረሰ የዜማ ሰው ነበር። የብዕር ስሙን እንኳ የወሰደው በ1937 ከታተመ የማይክል ኢንስ የምርመራ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ነው። በ1946 በወጣው «ዘ ሙቪንግ ቶይሾፕ» (ተንቀሳቃሹ የአሻንጉሊት ሱቅ) አንድ ገጣሚ በሌሊት ኦክስፎርድ ውስጥ ከአንድ የአሻንጉሊት ሱቅ ገብቶ ሬሳ ያገኛል። በማግስቱ ፖሊስ ይዞ ሲመለስ ሱቁ የሸቀጣሸቀጥ መደብር ሆኗል። ጉዳዩን የሚይዘው የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰሩ ጀርቬዝ ፌን፣ በመጽሐፍ ውስጥ መሆኑን የሚያውቅ ይመስል፣ ሥራ ሲፈታ ለክሪስፒን የመጽሐፍ ርእስ ያወጣል። በአንድ ማሳደድ ላይ ደግሞ የትኛውን መንገድ እንያዝ ሲባል፣ አሳታሚያችን ጎላንዝ ስለሆነ ወደ ግራ እንታጠፍ የሚል ሐሳብ ይቀርባል። ቪክቶር ጎላንዝ በግራ ዘመም አቋሙ የታወቀ አሳታሚ ነበር፤ ቀልዱም በእድል በአማርኛ ሳይፈስ ይተርፋል።

ውርሱም አልተቋረጠም። በ1975 የጀመረው የኮሊን ዴክስተር ተከታታይ ልብ ወለድ ሁለት ጀግኖች፣ ሞርስ እና ሉዊስ፣ ስማቸውን ያገኙት ከሁለት የኦብዘርቨር እንቆቅልሽ ፈቺዎች ነው።

ሳቁ ግን ሁልጊዜ ንጹሕ አልነበረም። በዘመኑ መጻሕፍት የቤት ሠራተኛው፣ አይሁዳዊውና የውጭ አገር ሰው በአነጋገራቸው ይቀለድባቸዋል። ለአንባቢ የሚቆረቆረው ሕግ ለእነርሱ አልደረሰላቸውም። አጋታ ክሪስቲ ይህንን ንቀት ራሱን የማታለያ መሣሪያ ማድረጓ ስለዚህ ሊስተዋል ይገባል። በ1930ዎቹ አጋማሽ በወጣው «ስሪ አክት ትራጀዲ» (ትራጀዲ በሦስት ገቢር) ቤልጅጋዊው ስደተኛ ፗሮ እንግሊዝኛን አሳምሮ መናገር እንደሚችል ይገልጣል። የሚሰባብረው ሰዎች ንቀውት እንዳይጠነቀቁ ብሎ ነው። ከአገሩ ርቆ በአነጋገሩ የተመዘነ ሰው ይህን ገጽ ሲያነብ ሳቁ ከሌሎች የተለየ ይሆናል።

መጀመር ለሚፈልግ አንባቢ «ዘ ሙቪንግ ቶይሾፕ» ጥሩ መግቢያ ነው። አጭር ነገር የሚሻ ደግሞ በ1928 ከታተመው የዶሮቲ ሴየርስ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል የአጎት ሜሊያገርን ኑዛዜ ታሪክ ይፈልግ፤ ኑዛዜው የሚገኘው መስቀለኛ ቃላት በመፍታት ነው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ያልሆነው እንዲህ ያለው መጽሐፍ ለእኛ አይሆንም ብለን እንሸሻለን። ይሁን እንጂ ደራስያኑ ወጥመዳቸውን የዘረጉት ለፈጣን አንባቢ ነው፤ የለመደውን ቃል በለመደው ፍቺ ተቀብሎ ለሚያልፍ። በሁለተኛ ቋንቋው የሚያነብ ሰው ግን በየቃሉ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም፤ ፍንጩም የተቀመጠው እዚያው ነው።