«ሲስተሙ አያውቅዎትም»

ጉኑኖ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ተሰልፈን ሳለን ከፊቴ የነበሩት አዛውንት ስማቸው ኮምፒዩተሩ ላይ እንደሌለ ተነገራቸው። ወረቀታቸውን ዘረጉ፤ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። «ሲስተሙ ግን አያውቅዎትም» አለቻቸው ልጅቷ። አጥፈውት ወጡ። የካዳቸው ሰው ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ይልኩበት ነበር!

ጉኑኖ ከመረጃ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። በ1970ዎቹ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት፣ በእርሻ ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር፣ እዚህ ጣቢያ ከፍቶ ዝናቡን፣ ጎርፉንና ታጥቦ የሚሄደውን አፈር አስለክቷል። ከቁጥሩ በስተጀርባ ዘወትር አንድ ለኪ አለ። እሱ ከተሳሳተ ማሽኑ ስሕተቱን አሳምሮ ከማተም በቀር ምን ያደርጋል?

ለመሆኑ ኢንተርኔት ወደ አገራችን እንዴት ገባ? በ1987 ዓ.ም. «ባይት» የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን፣ ዶክተር ዳዊት በቀለን የመሳሰሉ ምሁራን ያሉበት፣ ኢትዮጵያ ከዓለም መረብ ጋር እንድትገናኝ ይወተውት፣ ይመክርም ነበር። ቴሌኮሙኒኬሽን በ1989 ዓ.ም. አገልግሎቱን ጀመረ። የእነሱ ጥያቄ «እንዴት እንገናኝ?» የሚል ነበር። «እንዴት እንመነው?» የሚለው ለእኛ ተረፈ።

በአሜሪካ ፒተር ኑማን የተባሉ ሳይንቲስት በኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር ውስጥ አንድ ኮሚቴ እየመሩ የማሽኖችን ጥፋት ለረጅም ዓመታት ሲመዘግቡና ሲያስጠነቅቁ ኖረዋል። ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም። ከ1977 እስከ 1979 ዓ.ም. በአሜሪካና በካናዳ ቴራክ 25 የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ ስድስት ሕሙማንን ከመጠን ያለፈ ጨረር መታቸው፤ የሞቱም አሉ። በቀደሙት ሞዴሎች ላይ የነበረው የደኅንነት መቆለፊያ ተነሥቶ ጥበቃው ለሶፍትዌሩ ብቻ ተትቶ ነበር። ሕሙማኑ መቃጠላቸውን ሲናገሩ አምራቹ ማሽኑ እንዲህ ሊያደርግ አይችልም ብሎ ተከራከረ።

የጉኑኖው አዛውንት ከሞት ጋር አልተፋጠጡም። ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ሰው እየተናገረ ማሽን ይታመናል። እኔ ማሽን ይቅር የምል አይደለሁም። ከየመስኮቱ ጀርባ ወረቀቱን ከኮምፒዩተሩ ጋር አስተያይቶ «ማሽኑ ተሳስቷል» ለማለት ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ይቀመጥ ነው የምለው። በየከተማውም ይህን የሚጠይቁ ጥቂት ፈቃደኞች ቢሰባሰቡ ምን ይገድዳል? ባይቶች ያለ ደመወዝ ብዙ ሠርተዋል።

አዛውንቱ ያን ወረቀት ዛሬም አጥፈው እንደያዙት አልጠራጠርም።